ዘጠኝ ጊዜ የበሰለው ሥርና መርማሪዋ ወይዘሮ ፋን ሱዌይ

በዚህ ግቢ ነጭ ጨርቅ አስራችሁ የተሰበሰባችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ብርዱን ተቋቁማችሁ ከከተማ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም በሕይወት ሳሉ ሸቀጣችሁን «አይሆንም» ብለው የመለሱባችሁና ቂም ሳትይዙ ልትሸኟቸው የተገኛችሁ ነጋዴዎች ሁሉ፤ የወይዘሮ ፋን ሱዌይ አስከሬን ከቤት ሳይወጣ የኖሩትን ኑሮ ባጭሩ እንድናሰማችሁ ቤተሰቡ አዞናል። ባጭሩ ያልነው ለወጉ ነው፤ እሳቸው የጎደለ ነገር አይወዱም ነበርና፣ እኛም የአጎታቸው ልጆች ጎድሎ ከሚነበብ ረዝሞ ቢነበብ ይሻላል ብለናል። እግራችሁ የዛለ ካላችሁ አግዳሚው ላይ አረፍ በሉ።

ወይዘሮ ፋን ሱዌይ ከቢጫው ወንዝ በስተሰሜን፣ በጥንቱ የሁዋይቺንግ አገር፣ በዚችው በጋኦፑ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ፋን ዴዪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎ ቺንዬ በዘመን አቆጣጠራችን በዝንጀሮው ዓመት፣ ውርጭ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው፣ ለመድኃኒት የሚሆነው የዲሁዋንግ ሥር ከመሬት በሚወጣበት ሰሞን ተወለዱ። ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ስለነበር አዋላጇ መቀስ ብትጠይቅ የሚያቀብላት ጠፍቶ፣ አባታቸው ሥሩን የሚከትፉበትን የመዳብ ቢላ ይዘው ገቡ፤ ዲሁዋንግን ብረት ከነካው ይበላሻል ስለሚባል በዚያ ቤት በዚያ ወራት ሌላ ቢላ ከሳጥን አይወጣም ነበር። በዚህም የተነሳ የመንደሩ ሰው «ይቺ ልጅ እኮ ብረት ሳይነካት የተዘጋጀች ናት» እያለ ሲቀልድባቸው፣ እሳቸውም ቀልዱን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት አደጉ።

አባታቸው አቶ ዴዪ ዲሁዋንግ አብሳይ ነበሩ። ይህ ሥር በጥሬው ትኩሳት ለማብረድ የሚሰጥ ቀዝቃዛ መድኃኒት ሲሆን፣ ደም ላነሰው፣ ለአራስ፣ ወገቡ ለደከመ ሰው እንዲስማማ ግን በሩዝ ጠጅ ታርሶ፣ በሸክላ መቀቀያ በእንፋሎት በስሎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ያንጠባጠበውን ጭማቂ መልሶ እየጠጣ፣ ይኸው ሥራ እስከ ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገምለታል። ሰነፍ አብሳይ ሁለቴ ሦስቴ አብስሎ «ጠቁሯል እኮ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይሁን?» ይላል፤ አቶ ዴዪ ግን ዘጠነኛው ሳይሞላ ክዳኑን ገልጦ «ደርሷል» የሚለውን ሰው፣ አማታቸውም ቢሆኑ፣ ከግቢ ያስወጡ ነበር። አማታቸውን ያስወጡት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ግን ለእውነት ስንል እንናገራለን።

ወይዘሮ ሱዌይና ታላቅ ወንድማቸው አቶ ፋን ሃይጁ በልጅነታቸው የሚታወቁት በአንድ ጥፋት ነው። ሥሩ ከዶሮ እንዲርቅ ጣራ ላይ ሲሰጣ፣ ሃይጁ እህታቸውን ትከሻቸው ላይ ያቆማሉ፣ ሱዌይ እጃቸውን ዘርግተው ይሰርቃሉ፣ ከዚያም ሁለቱም ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ተደብቀው ያላምጣሉ። እራት ላይ አባታቸው «እስቲ ጥርሳችሁን አሳዩኝ» ሲሉ የጠቆረው ጥርስ ያጋልጣቸዋል። ሃይጁ ሁልጊዜ «እኔ ነኝ፤ እሷ አልበላችም» ይሉ ነበር፤ ይህን የሚሉት የእህታቸው ጥርስ ከሳቸው ጥርስ ይብስ ጠቁሮ፣ እህትየው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየሳቁ ሳሉ ነው። እንደዚያ የሚዋደዱ ልጆች በዚህ መንደር አላየንም።

ወይዘሮ ሱዌይ ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት ከሌላው ሰው ጋር እርሻ ሲቆፍሩ ቆይተው፣ የመግቢያ ፈተናው እንደገና ሲጀመር ከወንድማቸው ጋር አብረው ተቀመጡ። ሁለቱም አለፉ። ይህን ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አባታቸው በዚያን ዓመት ወገባቸውን ታመው ስለነበር፣ አቶ ሃይጁ የፈተናውን ውጤት ሰምተው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደው እንጨት መፍለጥ ጀመሩ፤ እናታቸው ምነው ቢሏቸው «አንድ ሰው እሳቱ ጋ መቅረት አለበት፤ እሷ ትሂድ፣ የኔ ጭንቅላት ለእንጨት ይበቃል» አሉ። ወይዘሮ ሱዌይ በጄንግጆ ከተማ የመድኃኒት ትምህርታቸውን ሲከታተሉ፣ በየመከሩ ከወንድማቸው አንድ ጥቅል ዘጠኝ ጊዜ የበሰለ ዲሁዋንግ ይደርሳቸው ነበር፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻቸው እንደ ከረሜላ ይሻሙባቸው እንደነበር ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በወረዳችን የመድኃኒት መመርመሪያ ጣቢያ ተመደቡ። በዚያን ጊዜ ጣቢያው አንድ ሚዛን፣ አንድ ማጉያ መነጽርና አንድ ምድጃ ብቻ ነበረው፤ ሥርም ሆነ ቅጠል፣ ቅርፊትም ሆነ አበባ የሚመረመረው በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተሰብሮ፣ ተሽቶ፣ ታኝኮ፣ ውኃ ላይ ተጥሎና እሳት ላይ ተይዞ ነው። ወይዘሮ ሱዌይ ገና በወጣትነታቸው የምላሳቸው ነገር የተለየ ስለነበር፣ ያልቀመሱትን ነገር ከሚያሳልፉ የፊርማ እጃቸውን ቢቆርጧቸው ይመርጡ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቻቸው «ሱዌይን አትጠብቋት፣ ጆንያ ሙሉ ናሙና በልታ ጠግባለች» ይሉ ነበር። ነጋዴዎች ደግሞ «እትዬ አይሆንም» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ይህ ስም ከወረዳው አልፎ እስከ ትልቁ የመድኃኒት ገበያ ደረሰ። እዚህ የቆማችሁትም ትታወቃላችሁ።

በእነዚሁ ዓመታት የሒሳብ መምህር ከነበሩት ከአቶ ካንግ ዌንቦ ጋር ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ካንግ ዪሩን ወለዱ። አቶ ዌንቦ ቀልድ የሚያውቁ ደግ ሰው ስለነበሩ፣ ሚስታቸው ያበሰሉትን የቦዬ ሾርባ ባቀረቡላቸው ቁጥር ማንኪያውን ከፍ አድርገው «ተመርምሮ አልፏል ወይስ በእኔ ላይ ነው የሚሞከረው?» ይሉ ነበር። ትዳራቸው ጸጥ ያለና የሚያስቀና ነበር።

ወይዘሮ ሱዌይ መሣሪያን የወደዱበት ምክንያት መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው በዚህ ነገር ያለ ስማቸው ስም ሰጥቷቸዋልና። ከጣቢያው አጥር ጎን የምትኖር አንዲት አራስ ደም እንዲተካላት ታዞላት የበሰለ ዲሁዋንግ እያፈላች ስትጠጣ ሰነበተች፤ ቀን በቀን ግን ሆዷ እየላላ፣ ልጇን ታቅፋ መቆም እስኪያቅታት ደከመች። ነገሩ ሲጣራ ሥሩ ጥሬ ኖሯል፤ አጭበርባሪዎች በጥቁር ቀለም፣ በስኳር ውኃና በጠጅ ነክረው ያጠቆሩት ነበር። ያን ሥር ቀምሰው ያሳለፉት ደግሞ ወይዘሮ ሱዌይ ራሳቸው ነበሩ። ሴትዮዋ ድና ልጇን አሳደገች፤ ወይዘሮ ሱዌይ ግን ለባለቤታቸው «ምላስ ጉቦ ይበላል ዌንቦ፤ ስኳር ካጎረሱት ዝም ይላል» ብለው፣ በሥር ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር የሚለካ መሣሪያ ለጣቢያው እንዲገዛ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መመላለስ ጀመሩ። መሣሪያው ሲመጣም አጠቃቀሙን ጄንግጆ ድረስ ሄደው ተምረው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ በወረዳችን ቀለም የተነከረ ሥር ያለፈበት ቀን የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበሰለ ዲሁዋንግ አዲስ የጥራት መስፈርት ወረደ። መስፈርቱ በሥሩ ውስጥ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይሆን ያዝ ነበር፤ ንጥረ ነገሩ የተመረጠው በጥሬው ሥር ውስጥ በብዛት ስላለና በመሣሪያ ለመለካት ስለሚመች ነው። በዚያ መከር ከመጡት ናሙናዎች አንዱን ወይዘሮ ሱዌይ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው አኘኩት፤ ስም አልተጻፈበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ነገር ግን አፋቸው ውስጥ በገባ ቅጽበት የማን እጅ እንደሆነ አወቁ። መሣሪያው ላይ ሲደረግ ከልኩ በታች ሆነ። ደገሙት፤ ያው ነው። እጄ አዳልቶ ይሆናል ብለው ለሌላ መርማሪ ሰጡት፤ ያው ሆነ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተቀምጠው፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል «አይሆንም» ብለው ፈረሙበት።

በማግስቱ አቶ ዴዪ ጆንያቸውን ሊወስዱ ራሳቸው መጡ። አቶ ሃይጁ ጋሪውን ይዘው በር ላይ ቀሩ። በዚያን ቀን በኮሪደሩ የነበሩ ባልደረቦች የሰሙትን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ።

«ሥሬ ምን ጎደለው?» አሉ አባት።

«አባዬ፣ ውስጡ መገኘት ያለበት ነገር አልተገኘም።»

«የትኛው ነገር?»

«ጥሬው ላይ ያለው።»

አቶ ዴዪ ሳቁ። «እሱማ እንዲወጣ አይደል እንዴ የማበስለው! የማይወጣ ቢሆን ይሄን ሁሉ እንጨት ለምን እፈጃለሁ? ቂል ነኝ?»

«እውነትዎን ነው» አሉ ልጅ። «እውነትዎን ነው አባዬ፤ ቀምሼዋለሁ። ግን ለእርስዎ ለብቻዎ የማስቀምጠው ማኅተም የለኝም። ዛሬ ለአባቴ ብዬ ካሳለፍኩ፣ ነገ ቀለም ነካሪውን በምን አፌ ልመልሰው ነው?»

አቶ ዴዪ «እሱም እውነት ነው» ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ወጡ። ሳይቆጡ በመውጣታቸው ወይዘሮ ሱዌይ እፎይ አሉ፤ ምነው ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ!

በሚቀጥለው መከር የአቶ ዴዪ ናሙና እንደገና ጣቢያው ደረሰና አለፈ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ጥሩ ልክ አስመዘገበ። ባልደረቦች «እንኳን ደስ አለሽ» እያሉ ትከሻቸውን መታ መታ ሲያደርጓቸው፣ ወይዘሮ ሱዌይ ከናሙናው ቆርሰው ወደ አፋቸው ሰደዱ፤ ላዩ ጠቁሯል፣ ልቡ ግን ጥሬ ነው፤ ጠጁ ከሥሩ ጋር ሳይዋሐድ ለብቻው ይሸታል። አባታቸው በዕድሜያቸው ሙሉ የናቁትን ሦስት ጊዜ ብቻ የማብሰል ሥራ፣ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር እንዳትጣላ፣ በእኔም እንዳታፍር ብለው ሠርተውት ነበር። መስፈርቱ እስከተሟላ ድረስ ወይዘሮ ሱዌይ ይህንንም መፈረም ነበረባቸው፤ ፈረሙም። ያን ዕለት ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸውን «ዛሬ አባቴን መሣሪያ እንዲፈራ አስተማርኩት» አሏቸው፤ ከዚያ በላይ ምንም ሳይናገሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

አቶ ዴዪ ከዚያ ወዲህ አላበሰሉም። የሸክላ መቀቀያቸውን ግቢው ጥግ ጣሉት፤ ዶሮዎች ገብተው ይፈለፍሉበት ጀመር። ልጃቸው በየበዓሉ እየመጡ «አባዬ፣ ለሽያጭ ባይሆንም ለእኛ ለቤታችን ያብስሉ እንጂ፤ የእርስዎን ነው የሚያምረኝ» ብለው ቢለምኗቸው «ጉልበቴ ደክሟል ልጄ» እያሉ የስንዴ ዳቦውን ያቀርቡላቸው ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ በተኙበት አረፉ።

በቀብራቸው ዕለት፣ እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ዛሬ አስከሬኑ ባለበት ቦታ፣ አቶ ሃይጁ እህታቸውን ሰው ሁሉ እየሰማ «አባዬን ሞት አይደለም የወሰደው፤ ማኅተምሽ ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አቶ ሃይጁ የእህታቸውን ስም መጥራት ትተው፣ በሠርግም በልቅሶም በተገናኙ ቁጥር «የተከበሩ ተቆጣጣሪ» ይሏቸው ነበር። «የተከበሩ ተቆጣጣሪ፣ ሻይ ይጨመርልዎት?» «የተከበሩ ተቆጣጣሪ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።» ቀልድ የሚመስላቸው እንግዶች ይስቁ ነበር፤ እኛ ግን ወይዘሮ ሱዌይ ያን ቃል በሰሙ ቁጥር ሻዩን ሳይጨርሱ እንደሚነሱ እናውቃለን። ከአውቶቡሱ መስኮት ሆነው ጣራውን፣ ያ ሥሩ ይሰጣበት የነበረውን ጣራ፣ እስኪሰወርባቸው ድረስ ወደ ኋላ ዞረው ይመለከቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በአንድ ናፍቆት የተያዘ ነበር ብንል አላጋነንንም፤ ናፍቆታቸውም የአባታቸውን ሥር ጣዕም አንድ ጊዜ ደግሞ መቅመስ፣ ወንድማቸውም አንድ ጊዜ ስማቸውን ሲጠሩ መስማት ነበር። ሁለቱ ነገር በልባቸው አንድ ሆኖ ነበር። መስፈርቱን በአፍ ማማት ሳይሆን በሥራ ማቃናት ይሻላል ብለው፣ ሥሩ በእንፋሎት በበሰለ ቁጥር የሚጠፋውን ሳይሆን የሚጨምረውን ንጥረ ነገር ፍለጋ ገቡ። በመኖሪያ ፎቋቸው በረንዳ ላይ ሳይቀር መቀቀያ ተክለው ያበስሉ ስለነበር፣ ጎረቤት በልብሷ ላይ የጠጅ ሽታ እያገኘች አቤቱታ ታቀርብ፣ አቶ ዌንቦም «ሚስቴ ሰካራም አይደለችም፤ ሥሩ ነው የሚጠጣው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ያም ሁሉ ሆኖ የአባታቸው ጣዕም አልመጣላቸውም። ጠጁን ለወጡ፣ እንጨቱን ለወጡ፣ ሸክላውን ለወጡ፤ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ምን እንደሆነ ግን ምላሳቸው እየፈለገው ስሙን አያገኘውም።

የምርምራቸው ውጤት ሲወጣም ወንድማቸውን የሚያስደስት አልሆነም። የሚጨምረውን ነገር አገኙት፤ ነገር ግን ከስድስተኛው ማብሰል በኋላ መሣሪያው ለውጥ አያሳይም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ዝም ይለው ነበር፤ እሳቸው ግን እንዳገኙት ጻፉት። አቶ ሃይጁ ይህን ሲሰሙ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው «ደግሞ ሦስቱን ሰረቀችን!» አሉ። ወይዘሮ ሱዌይ በዚያ ዓመት በመቃብር መጥረጊያ በዓል አግኝተዋቸው፣ ከወላጆቻቸው መቃብር ላይ አረም እየነቀሉ «ጋሼ፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ምላሴ ያውቃቸዋል። ምላሴን ግን ወረቀት ላይ ማስፈር አልቻልኩም። የማላሳየውን ነገር እንዴት ብዬ ሕግ ላድርገው?» ብለው ነገሯቸው። አቶ ሃይጁ ዕጣኑን ለኩሰው ከመቃብሩ ሄዱ።

ባለቤታቸው አቶ ዌንቦ በልብ ድካም ካረፉና እሳቸውም ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ያ ሁሉ ድካም ፍሬ አፍርቶ መስፈርቱ ተሻሻለ። የሚለካው ንጥረ ነገር ተለወጠ፤ ከመስፈርቱም ግርጌ የበሰለ ዲሁዋንግ ከመሣሪያው ሌላ በሠለጠነ መርማሪ አፍ እንዲቀመስ የሚያዝ አንድ መስመር ተጨመረበት። አንድ መስመር ብቻ ነች፤ ዕድሜያቸው ግን እዚያ ውስጥ አለ። ወይዘሮ ሱዌይ ዜናውን ይዘው ወደዚህ ግቢ ሲመጡ አቶ ሃይጁ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሏቸው፦ «የተከበሩ ተቆጣጣሪ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አባዬ የሉም። ለማን ላብስል?» ያን ቀን ወይዘሮ ሱዌይ ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ባለፈው ዓመት ጉሮሯቸው ላይ እባጭ ተገኘባቸው። ሕክምናው በጨረርና በከባድ መድኃኒት ስለነበር ፀጉራቸውን፣ ከዚያም ክብደታቸውን፣ በመጨረሻም ምላሳቸውን ወሰደባቸው፤ ጨው ከስኳር መለየት አቃታቸው። ልጃቸው ዪሩ ገንፎ አቅርባ «እማዬ፣ ጣፈጠሽ?» ስትላቸው «ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ» ይሉ ነበር። ስለ ሕመሙ አያማርሩም፤ ስለ ምላሳቸው ግን አንድ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሱ። ዪሩ በእናቷ ሳትታዘዝ፣ በራሷ ልብ ተነሳስታ ለአጎቷ ስልክ ደወለችና ነገረቻቸው። አቶ ሃይጁ ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ሽማግሌው ዶሮዎቹን ከመቀቀያው ውስጥ እያባረሩ አወጡ፣ ሸክላውን በአመድ አጠቡ፣ ከሳጥን ሥር የመዳብ ቢላውን አወጡ፣ ሥሩን ከሰው እርሻ ገዝተው በጠጅ አረሱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሹ «አንተ ሰው፣ በሰባ ዓመትህ አበድክ እንዴ? ወገብህ!» ብለው ቢጮኹ «ዝም በይና እንጨት አቀብይኝ» አሏቸው። ፀሐይ በጠፋ ቀን ሰማዩን ይሰድቡ ነበር፤ በእጃቸው ያለው ጊዜ ጥቂት መሆኑን ያውቁ ነበርና። ይሁን እንጂ ዘጠነኛው ሳይሞላ ክዳኑን አላነሱም።

ሲደርስ በጨርቅ ጠቅልለው በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። በሩ ላይ ብዙ ቆሙ ትላለች ዪሩ። ከዚያ ገብተው «ሱዌይ» አሉ። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ስማቸውን ሲጠሩ ይህ መጀመሪያቸው ነበር። ወይዘሮ ሱዌይ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥቅሉን አይተው፣ አፋቸውን ከፈቱ። ቁራሹን ከጉንጭ ጉንጭ እያንከባለሉ ቆዩ፤ ወንድማቸው ይጠብቁ ነበር።

«ምንም አይሰማኝም ጋሼ» አሉ።

«ጥሩ ነው በይኝ፣ ምን አለበት? አሁን ማን ይሰማሻል?»

«ሳልቀምስ ጥሩ ነው ብዬ አላውቅም።»

አቶ ሃይጁ በዚህ ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ሳቁ። «አቤት ግትርነት! የአባዬ ልጅ!»

«አንተ ቅመስልኝ» አሉ ወይዘሮ ሱዌይ። «ቅመስና ንገረኝ።»

አቶ ሃይጁ ቆርሰው አላመጡ። «ይጣፍጣል።»

«እሱን ማንም ነጋዴ ይለኛል። ምን ምን ይላል?»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዕድሜያቸው ሙሉ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ተናገሩ። «መጀመሪያ የብቅል ከረሜላ ይመስላል። ቀጥሎ ጠጁ ይመጣል፣ ግን አያቃጥልም፣ በአፍንጫ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ አፈር አፈር ይላል፤ ዝናብ የነካው አፈር።»

«ጥርስ ላይ ይይዛል?»

«ይይዛል። ጥርሴን እዪው።»

«ከሁሉ በኋላስ?»

አቶ ሃይጁ ምራቃቸውን ዋጡ። «ከሁሉ በኋላ ትንሽ ይመራል። እዚህ ጋ፣ ጉሮሮ ጫፍ ላይ። ምሬቱን አወቅሁ ስትዪ ይጠፋል።»

ወይዘሮ ሱዌይ የወንድማቸውን እጅ ያዙ። «እሱ ነው» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት በረንዳ ላይ ሳበስል ያጣሁት እሱ ነው። መሣሪያውም አላየውም፣ እኔም ስሙን አላውቀው ነበር። እስቲ ድገመው ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።» ወንድማቸውም ከመጀመሪያው ነገሯቸው፤ ነርሷ መጥታ ሰዓት አልፏል እስክትል ድረስ ያንኑ ደጋግመው ነገሯቸው፤ በየመካከሉም ስለ እናታቸው፣ ስለ ጣራው፣ ስለዚያ የፈተና ዓመት አወሩ። አቶ ሃይጁ በማግስቱም መጡ፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሱዌይ መናገር አቆሙ፤ ሲነገራቸው ግን ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጃቸው ፀጉር አልባ ራሳቸውን እየዳበሰች፣ ወንድማቸው እግራቸው ሥር ተቀምጠው ሳሉ ዐረፉ።

አስከሬናቸው ታጥቦ ወደዚህ ወደ ተወለዱበት ግቢ ሲመጣ፣ አዛውንቶች እንደ ወጉ አፋቸው ውስጥ የሚደረገውን ሳንቲም አቀረቡ። አቶ ሃይጁ ሳንቲሙን በእጃቸው መልሰው፣ ከዘጠነኛው ማብሰል የወጣውን ሥር በመዳብ ቢላ ስስ አድርገው ቆርጠው፣ በእህታቸው ምላስ ላይ በገዛ ጣታቸው አኖሩት። ወጉ ተጣሰ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ፋን ሱዌይ አንዲት ልጃቸውን ካንግ ዪሩን፣ አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ፋን ሃይጁን ከነቤተሰባቸው፣ እኛን የአጎት ልጆቻቸውን፣ በእጃቸው መቅመስን የተማሩ ወጣት መርማሪዎችንና ስማቸውን ሲሰሙ ገና የሚደነግጡ ነጋዴዎችን ትተው ሄደዋል። ሐዘንተኞች ሆይ፣ መጽናናትን ይስጣችሁ። ለእሳቸውም አፈሩ ይቅለላቸው፤ ነፍሳቸውም ከእናት ከአባታቸው፣ ከባለቤታቸውም ከአቶ ዌንቦ ጋር ተገናኝታ በሰላም ትረፍ። ሕመም የነጠቃቸው ምላስ እዚያ ይመለስላቸው፤ አባታቸው ደጅ ቆመው ሲቀበሏቸውም፣ አፋቸው ውስጥ ያለውን አላምጠው ጣዕሙን ራሳቸው ለአባታቸው ይንገሯቸው።